እንዳናስቸግራቸው

ግሌኒስ ፓስኮ የድቡን ግራ ጆሮ እየሰፋች ነበር። ድቡ ከትርፍራፊ ክር የተሠራ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ነው፤ ሆዱ ቡናማ፣ እግሮቹ አረንጓዴ። ጆሮ ለዓይን ቀላል ይመስላል እንጂ ከሁሉ ይበልጥ የሚያደክመው እሱ ነው። ትንሽ ወደ ፊት ካዘነበለ ድቡ የተቆጣ ይመስላል፤ ወደ ኋላ ከሸሸ ደግሞ የፈራ። አምቡላንስ ውስጥ ተኝቶ ለሚያለቅስ ሕፃን የሚሰጥ ድብ የተቆጣም የፈራም መሆን የለበትም። ስለዚህ ግሌኒስ ሰፍታ ትፈታለች፣ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ድቡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዞረዋለች፣ ፊቱን ታየዋለች፣ እንደገና ትሰፋለች።

ይህን ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታዋለች። በሀልዳን ወደብ ማክሰኞ ማክሰኞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው አዳራሽ የሚሰበሰቡ ሴቶች አሉ። ያረጀ ሹራብ ተርትረው ድብ ይሠራሉ፤ ድቦቹን ቶኒያ ትወስዳቸዋለች። ቶኒያ ዳቦ ቤት የምትሠራ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት የማይለየው፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ተራዋ በሆነ ቀን ግን ወገቧ ላይ ያለችው መጥሪያ ስትጮህ ሽርጧን ወርውራ ወደ አምቡላንሱ ትሮጣለች። ከተማዋ ያላት አምቡላንስ አንድ ነው፤ የሚነዱትም፣ በሽተኛ የሚያነሡትም እንደ ቶኒያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ሆስፒታልም አለ፤ ትንሽ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ግቢው ውስጥ ጽጌረዳ የተተከለበት። ግሌኒስ ሁለቱንም ሴት ልጆቿን የወለደችው እዚያ ነው። ሐኪሙ ለቆ ከሄደ ወዲህ ግን የድንገተኛ ክፍሉ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው፤ በሩ ላይ ፕላስቲክ የለበሰ ወረቀት ተለጥፏል። የታመመ ሰው ወደ ትልቁ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ይወሰዳል። እዚያ ደግሞ አልጋ የለም። አምቡላንሶች በሽተኛቸውን እንደያዙ በሆስፒታሉ ደጅ ተደርድረው ይቆማሉ፤ አንዳንዴ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴ ከጠዋት እስከ ማታ። የሀልዳን ወደብ አምቡላንስ እዚያ ሰልፍ ላይ በቆመ ጊዜ ከተማዋ ባዶዋን ትቀራለች።

ያ ወር የምርጫ ወር ነበር። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ሊመረጥ አራት ሳምንት ቀርቶታል፤ በየመብራት ምሰሶው ላይ ፈገግ ያሉ ፊቶች ተሰቅለዋል። ሁሉም ስለዚያ ሰልፍ ያወራል። አንዱ ወገን ሰልፉን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ ይላል፣ ሌላው እናንተ ጀምራችሁት ሄዳችሁ ይላል። የግሌኒስ ባል ዴስ ማታ ማታ ውሻቸውን ሞፕን ይዞ ሲወጣ ምሰሶዎቹን ያስጎበኛታል።

«እዚህኛው ላይ ሽኚ፣ ሞፕ። ያኛውን እለፊው፣ እሱ ገና ምንም ቃል አልገባልንም።»

ዴስ ሠላሳ ስምንት ዓመት የስንዴ ጎተራው ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ረዥም፣ ጆሮው ትልቅ ሰው ነበር። ግሌኒስ ድብ ስትሠራ ጆሮ የሚያስቸግራት የሱን እያየች ስለሆነ ነው ብሎ ይቀልድባት ነበር።

ያን ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በጓሮ በር ገባ። ባሕሩ ሲሸሽ ሸርጣን ሊለቅም ወጥቶ ነበር፤ ሰማያዊዎቹ ሸርጣኖች በባልዲው ውስጥ ይንኮሻኮሻሉ።

«አለቃ፣ እራት መጥቷል» አለ።

«ቦቲህን አውልቅ። እራቱ በባዶ እግሩ መጥቷል፣ አንተ ምን ስለሆንክ ነው?»

ሳቀ። ግን ቦቲውን አላወለቀም። ከነእርጥብ ሱሪው ሄዶ አበባ ያለበት ጥሩው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ግሌኒስ መርፌዋን አቆመች። አርባ ሰባት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ይህ ሰው እርጥብ ልብስ ለብሶ ያ ወንበር ላይ አንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅም።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ጥርሴን ነገር ያመኛል፣ እዚህ መንጋጋዬ ላይ።»

«አንተ የራስህ ጥርስ መች አለህና?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።»

ፊቱ አመድ መስሏል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ቀኑ ግን ያን ያህል አይሞቅም። ግሌኒስ ድቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስልኩን አነሣች።

«ማን ጋ ልትደውዪ ነው?» አለ ዴስ። «ቶኒያ እንደሆነች ከተማ ናት።»

እውነቱን ነው። ጎረቤታቸው አሮጊቷ ዊኒ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋን ሰብራ፣ ቶኒያ ይዛት ሄዳለች። ከትንሽ ጊዜ በፊትም ለግሌኒስ መልእክት ልካላት ነበር፤ «በር ላይ ነን። ከፊታችን ሦስት አሉ። ዊኒ እየዘፈነችልን ነው፣ ጸልዪልን» የሚል።

ግሌኒስ ወደ አደጋ ጥሪው ቁጥር፣ ወደ ሦስቱ ዜሮ ደወለች። የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ መለሰላት፤ ያልቸኮለ፣ ጥሩ ድምፅ። ስሟን ጠየቀቻት፣ አድራሻዋን ጠየቀቻት፣ ስለ ዴስ ጠየቀቻት።

«ደረቱን ያመዋል፣ ግሌኒስ?»

ግሌኒስ ዞራ አየችው። ዴስ እጁን እያወናጨፈ፣ «አያመውም በያት! ነፋስ ነው! ትናንት የበላሁት የቶኒያ የሥጋ ፓስቲ ነው!» አለ።

«አያመኝም ይላል። ግን ፊቱ ... ፊቱ ጥሩ አይደለም።»

«እሺ። አምቡላንስ እየላክሁልሽ ነው። ከሌላ ከተማ ስለሚመጣ ሊቆይ ይችላል። አሁን በሩን ክፈቺው፣ ውሻ ካለ እሰሪው፣ የሚበላም የሚጠጣም ነገር እንዳትሰጪው። የተለወጠ ነገር ካለ መልሰሽ ደውዪ።»

ግሌኒስ በሩን ከፈተች፣ ሞፕን ሎሚው ዛፍ ሥር አሰረቻት፣ ተመልሳ ከዴስ አጠገብ ተቀመጠች። እጁን ያዘችው። እጁ የባሕር ሽታ ነበረው።

አሁን ስለ ግሌኒስ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ያደገችው ከወደቡ ወደ ውስጥ በሚርቀው ደረቅ የስንዴ አገር ነው። በዘጠኝ ዓመቷ የእጇ አንጓ ተሰብሮ፣ ውሃ የመቅዳት ሥራዋን ጨርሳ፣ እራት ከተበላ በኋላ ነው ለእናቷ የተናገረችው። እናቷም ብትሆን አራተኛ ልጇን ብቻዋን የወለደች ሴት ናት፤ ሐኪሙ በመከር ጊዜ ደክሞት ይሆናል ብላ ነው ያላስጠራችው። በእነሱ አገር ትልቁ ምስጋና ጎበዝ ወይም ደግ መባል አይደለም። ሰው ሞቶ ሲመሰገን፣ «ማንንም አላስቸገረም» ይባላል። ከዚያ በላይ የሚባል ነገር የለም። ግሌኒስ ይህን ከእናቷ ጡት ጋር ጠብታዋለች። ትምህርት ቤቱ ምሳ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን አሞኛል ብላ አልቀረችም። ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ መጀመሪያ የምትናገረው ቃል «ይቅርታ» ነው።

በዚያ ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት የሚጣበቅ ማስታወቂያ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት መንግሥት በየቤቱ በፖስታ የላከው ነው፤ ቀይ፣ የአምቡላንስ ሥዕል ያለበት። «አምቡላንስ ለእውነተኛ አደጋ ብቻ። ከመደወልዎ በፊት ያስቡ» ይላል። ወተት ልታወጣ በሄደች ቁጥር ታነበዋለች።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። ከዚያ የዴስ ፊት ቀስ በቀስ ቀላ። ላቡ ደረቀ። ቦቲውን ራሱ አወለቀ።

«አየሽ? ነፋስ ነው ብዬሻለሁ። ሻይ አፍዪልኝ።»

«ምንም እንዳትሰጪው ብላኛለች።»

«እሷ ምን ታውቃለች? ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ያስታውቃል።» ከዚያ በቁም ነገር ቀጠለ። «ግሌን፣ ደውለሽ መልሻቸው። ያቺ መኪና ስንት ከተማ ነው ባዶ አድርጋ የምትመጣው? ይሄኔ አንዲት ሕፃን የሆነ ቦታ ትን ብሏት ይሆናል። ያንቺን ድብ የምትፈልግ። እኔ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተንፈላስሼ ሻይ እየጠየቅሁ መጥተው ቢያዩኝ አያፍሩብኝም?»

ግሌኒስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ድብ አየች። አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያለው።

ደወለች። ያችው ልጅ ነበረች ያነሣችው።

«አሁን ደህና ሆኗል። እንዳናስቸግራችሁ ብዬ ነው።»

«ግሌኒስ፣ እርግጠኛ ነሽ? መኪናው እኮ መንገድ ላይ ነው።»

«እርግጠኛ ነኝ። ለባሰበት ስጡት።»

«መጥተው ቢያዩት ይሻል ነበር። ማስቸገር የሚባል ነገር የለም።»

«የለም፣ የለም። ደህና ነው። አመሰግናለሁ የኔ ውድ።»

ስልኩን ስትዘጋ ግሌኒስ የተሰማትን ኋላ ላይ ሺህ ጊዜ አስታውሳዋለች። ደስ አላት። ትንሽ፣ ንጹሕ ደስታ ነበር፤ አውቶቡስ ላይ ለደከመ ሰው ቦታ ሲለቁ እንደሚሰማ ያለ።

ሻዩን አፈላች፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመረች፣ በሚወደው ሲኒ ሰጠችው። ሞፕን ፈታቻት። ልብስ ማጠቢያው ጨርሶ ስለነበር ዘንቢሉን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። አንሶላውን ሰጣች፣ ፎጣዎቹን ሰጣች፣ የዴስን ሸሚዞች በእጀታቸው ሳይሆን በግርጌያቸው ሰቀለች፤ በእጀታ ከተሰቀሉ ትከሻቸው ይለጠጣል። ሞፕ ከቤት ውስጥ አንዴ ጮኸች። ያቺ ውሻ ለሁሉም ነገር ስለምትጮህ ግሌኒስ ካልሲዎቹን ጨርሳ ነው የገባችው።

ዴስ ወንበሩ ላይ ነበር። ዓይኑ በግማሽ ተከፍቷል። ሲኒውን በሰሃኑ ላይ፣ ሰሃኑን በጠረጴዛው ላይ በሥርዓት አስቀምጦታል። ሻዩን ገና ግማሽ ነው የጠጣው። አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም። ሲሄድ እንኳ ወንበሯን እንዳያበላሽባት የተጠነቀቀ ይመስል ነበር።

ዳግመኛ ስትደውል ምን እንዳለች አታስታውስም። ከወንበሩ አውርዳ ምንጣፉ ላይ አጋድማው ልጅቷ በስልክ እየቆጠረችላት ደረቱን ትጫነው ነበር። የደረሰችው ቶኒያ ናት። ሆስፒታሉ ዊኒን ተቀብሎ፣ ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ጥሪውን ሰምታ መኪናውን አብርራ ነው የመጣችው። እስክትደርስ አርባ ደቂቃ ያህል ሆኖ ነበር፤ ከገባች በኋላም ሌላ አርባ ደቂቃ ደረቱን ተጫነችው። ባልደረባዋ ትከሻዋን እስኪነካት ድረስ አላቆመችም። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ፣ «ይቅርታ ግሌን፣ ይቅርታ» አለች። ግሌኒስ ደግሞ፣ «ደክሞሻል፣ ሻይ ላፍላልሽ?» አለቻት።

በቀብሩ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆመ። የእግር ኳስ ክለቡ ሰብሳቢ ተነሥቶ ዴስን ሲያመሰግን፣ «ዴስ ፓስኮ በሕይወቱ ማንንም አላስቸገረም፤ ሲሞትም ማንንም አላስቸገረም» አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሴቶቹ ሥጋና ድንች ያለበት ትኩስ ፓስቲ በትሪ እያዞሩ፣ «ጥሩ አሟሟት ነው ግሌን፣ በራሱ ወንበር ላይ» አሏት። ግሌኒስ አመሰገነች። ደውላ እንደመለሰቻቸው ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ለልጆቿም ጭምር።

በሳምንቱ የተቃዋሚው ፓርቲ ዕጩ መጣ። ሮዋን ቲልብሩክ ይባላል፤ ቦቲው አዲስ፣ ሰላምታው ሞቅ ያለ ወጣት ነው። ካሜራ የያዘች ሴት አብራው አለች።

«ግሌኒስ፣ ዴስ አምቡላንስ ሲጠብቅ እንደሞተ ሰምተናል። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀ አሉ። እውነት ነው?»

ግሌኒስ መሬት መሬት አየች። አይደለም ብትል መናገር ሊኖርባት ነው። አዎ ብትል ውሸት ነው። ዝም አለች። ዝምታዋን አዎ ነው ብለው ወሰዱት፤ ሐዘንተኛ ሴት ዝም ስትል ማን ሌላ ነገር ይጠረጥራል? ዴስ ትልቅ ሸርጣን ይዞ የሚስቅበትን ፎቶ ከግድግዳው ላይ አንሥተው በካሜራቸው አነሡት።

ከአራት ቀን በኋላ ያ ፎቶ በየፖስታ ሳጥኑ ገባ፤ በየምሰሶውም ተሰቀለ። «ዴስ ጠበቀ። ማንም አልመጣም» ይላል። አንዱ ከግሌኒስ መስኮት ፊት ለፊት ነበር። ጠዋት መጋረጃ ስትገልጥ ዴስ ከነሸርጣኑ ይስቅባታል። ሞፕን ይዛ ስትወጣ ደግሞ ውሻይቱ በልማዷ ወደ ምሰሶው ትሄዳለች፤ ግሌኒስ ጎትታ ታመጣታለች።

መንግሥትም ዝም አላለም። ዓርብ ዕለት ግሌኒስ ፀጉር ቤት ሄዳ፣ ራሷ እርጥብ እንደሆነ፣ አንገቷ ላይ ፎጣ እንዳለ ሬዲዮው ተናገረ። «መዝገባችን እንደሚያሳየው አምቡላንሱ መንገድ ላይ ሳለ ጥሪው በደዋይዋ ተሰርዟል። ለቤተሰቡ ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን።»

ፀጉር ሠሪዋ ሄዳ ሬዲዮውን አጠፋችው። ቤቱ ውስጥ አራት ሴቶች ነበሩ፤ አራቱም የሚይዙት ነገር ፈለጉ። «ውሃው አልበረደሽም?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«አልበረደኝም» አለች ግሌኒስ።

ማታውን ትልቋ ልጇ ሊንሊ ከሩቅ ከተማ ደወለች። «እማዬ፣ እውነት ነው?» አለቻት።

«እውነት ነው።»

«ለምን አልነገርሽንም?» አለች ሊንሊ። ቁጣ አልነበረውም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻላት ነበር።

በማግሥቱ ቶኒያ ፓስቲ በወረቀት ጠቅልላ መጣች። ግሌኒስ ወረቀቱን ሳትፈታ ጠየቀቻት።

«የት ደርሶ ነበር?»

«ማን?»

«ታውቂያለሽ።»

«ተይው ግሌን።»

«ቶኒያ፣ ካንቺ ካልሰማሁ ከማን ልስማ? ያ መኪና የት ደርሶ ነበር?»

ቶኒያ ጥፍሯ ውስጥ ያለውን ዱቄት ትፍቅ ጀመር። «ጨው ሐይቁ መታጠፊያ።»

ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ግሌኒስና ዴስ እሑድ እሑድ የሚነዱት መንገድ ነው። ሰባት ደቂቃ፤ አምቡላንስ ቢሆን አምስት። ግሌኒስ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። የሚቀጥለውን ጥያቄ ስትጠይቅ ድምፅዋ ውስጥ ተስፋ ነበር፤ ቶኒያን ያስለቀሳት እሱ ነው።

«ከዚያ ወዴት ሄደ? ለማን ደረሰ?»

ቶኒያ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«ሕፃን ነበረች?»

«ለማንም አልደረሰም፣ የኔ እናት። ሁለቱን ከተማ እንዲጠብቁ ወደ መጡበት መልሰው ሩቅ መሐል መንገድ ላይ ቁሙ አሏቸው። ዛፍ ሥር ቆመው ዋሉ። ያን ቀን ካንቺ በቀር ማንም አልደወለም፤ ሁለተኛ ስትደውዪ ደግሞ ከነሱ ይልቅ ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ግሌኒስ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ለባሰበት ስጡት ብላ ነበር። የባሰበት ሰው አልነበረም። በዚያ ሰፊ አገር ላይ፣ በዚያች ሰዓት፣ ከዴስ የባሰበት አንድም ሰው አልነበረም።

ከምርጫው በፊት በነበረው ሐሙስ ዕጩዎቹ በከተማው አዳራሽ ተገናኙ። ሮዋን ቲልብሩክ አስቀድሞ ደውሎላት ነበር። «ይዘገያል ስላሉኝ ነው የሰረዝኩት ብትዪ ይበቃል» ብሏታል በደግ ድምፅ፤ «ሐሰት እኮ አይደለም።» በመድረኩ ሌላ ጫፍ የመንግሥቱ ፓርቲ ተወካይ ተቀምጧል፤ ሽበታም፣ ሲናገር እጆቹን የሚያቆላልፍ ሰው።

ግሌኒስ ስሟ ሲጠራ ተነሣች። ወደ መድረኩ አልወጣችም፤ በወንበሯ ፊት ቦርሳዋን ይዛ ቆመች። በአደባባይ ተናግራ አታውቅም።

«ማንም አልዋሸኝም» አለች። «ይመጣል ብለውኝ ነበር፤ እየመጣም ነበር። የመለስኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ እርግጠኛ ነሽ ብላ ጠይቃኛለች። እርግጠኛ ነኝ አልኳት።»

ወደ ቲልብሩክ ዞረች።

«አንተ ማንም አልመጣም ብለህ ጽፈሃል። ልክ አይደለም። የባሌን ፎቶ ከምሰሶ ላይ አውርድልኝ። ውሻችን ግራ ገብቷታል።»

ወጣቱ ቀላ። ሽበታሙ ሰውዬ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጫር ጫር ሲያደርግ ግሌኒስ ቦርሳዋን ከፍታ ያንን ቀይ ማግኔት አወጣች። ወደ ፊት ሄዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ይህ ደግሞ የናንተ ነው። ሁለት ዓመት ማቀዝቀዣዬ ላይ ነበር። እኔ የታዘዝኩትን የምሠራ ሴት ነኝ። አስቡ አላችሁኝ፤ አሰብኩ። መኪና የለም፣ አልጋ የለም፣ ሐኪም የለም ስትሉኝ ... እኛ ...» ቆመች። «እኛ መታመም አፈርን» አለችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

አንድ ሰው አጨበጨበና ብቻውን መሆኑን አይቶ ተወ። ከዚያ ከኋላ አንድ የታወቀ ዓሣ አስጋሪ ሽማግሌ፣ ሳይነሣ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣ «እኔም ባለፈው ወር ደውዬ መልሼአቸዋለሁ» አለ። ሚስቱ ዞራ አየችው፤ አልነገራትም ነበር። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች የልጆች እናት እጇን ትንሽ ከፍ አደረገች። «እኔ ጭራሽ አልደወልኩም። ልጄን በራሴ መኪና ይዤው በረርኩ፤ መንገድ ላይ ትንፋሹ ቆሞ ነበር።» ከቀሩትም ብዙዎቹ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ግሌኒስ ዓይኗን አንሥታ ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አየቻቸው። ስንቶቻችን፣ አለች በልቧ። ስንቶቻችን ነን በየቤታችን ጨዋ ሆነን የተቀመጥነው።

ምርጫው አለፈ። አንዱ አሸነፈ፣ ሌላው ተሸነፈ። ፎቶዎቹ ከምሰሶዎቹ ወረዱ፤ ያሰሯቸው የፕላስቲክ ማሰሪያዎች ግን እንዳሉ ቀርተዋል። ትልቁ ሆስፒታል ደጅ ላይ ያለው ሰልፍ ቶኒያ እንደምትለው አንዳንድ ቀን ያጥራል፣ አንዳንድ ቀን እንደ ድሮው ነው። የሀልዳን ወደብ ሆስፒታል በር ላይ ያለው ወረቀት ፀሐይ ስላደበዘዘው በአዲስ ተቀይሯል፤ ጽሑፉ ያው ነው።

ሰው ሁሉ ግሌኒስን፣ «ጥፋትሽ አይደለም» ይላታል። ሐኪሙም ያን ቀን ቢደርሱለትም ላይተርፍ ይችል ነበር ብሏታል። ላይተርፍ ይችል ነበር፤ ሊተርፍም ይችል ነበር። ግሌኒስ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መሐል ትኖራለች። አበባ ያለበት ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ሞፕ ብቻ ናት ከሥሩ የምትተኛ። ማክሰኞ ማክሰኞ አዳራሹ ትሄዳለች፣ ድብ ትሠራለች፣ ጆሮ ሰፍታ ትፈታለች። ያኛውን ባለ አንድ ጆሮ ድብ ግን አልጨረሰችውም። መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። የተቆጣ ይሁን የፈራ መለየት ያስቸግራል።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አላት። ስለ ራሷ ለምና የማታውቅ ሴት ናትና ስሟት። ከደወላችሁ አትመልሱት። የምትወዱት ሰው ፊቱ ቀልቶ፣ ቀልዶ፣ ሻይ ቢጠይቃችሁም አትመልሱት። የባሰበት ሰው ይኖራል አትበሉ፤ የባሰበት እናንተ ቤት ያለው ሊሆን ይችላል። መጥተው ምንም ካላገኙ ይስቁባችሁ፤ መሳቅ ለማንም ከባድ አይደለም። እናንተ በሩን ክፈቱ፣ ውሻውን እሰሩ፣ ሻዩ ይቆይ፣ የተሰጣው ልብስ ይቆይ፣ እጁን ይዛችሁ ጠብቁ። እባካችሁ፣ አስቸግሩ።